የራሱን ክብደት የረሳው ጣሪያ

እንኳን ማርያም ማረችሽ፣ ዘምዘምዬ! ነይ፣ ተቀመጪ። ቀላሽ፣ አማረብሽ እኮ! ሕፃኑስ ይጠባል? አልሐምዱሊላህ በይ እንጂ! ...በሩን ተይው፣ አትዝጊው። ዛሬ ይሞቃል፤ እዚያ ማዶ ክፍል ያሉትም ነፋስ ያግኙ። እኔ የሺ ሃያ ዓመት እዚህ ቢሮ ስተይብ የደበቅሁት ነገር አለኝ እንዴ?

እርግዝናው አልጋ ካስያዘሽ ስድስት ወር ሞላሽ አይደል? ግምጃ ቤትሽ ደኅና ነው። የድጋፍ እንጨቶቹ ብቻ አልተመለሱልሽም... እንዴ፣ አልሰማሽም? ጊደር መጋላ ገበያ በርበሬ ሻጯ ሳትቀር የምታወራውን?

እንግዲህ ስም አልጠራም፤ ጾም ነው። አንድ ጎበዝ መሐንዲስ አለ እንበል። አንቺ እንደሄድሽ ያ ኮምፒዩተር የሚሉት መጣ። የሕንፃ ሸክም አስልቶ፣ ይህን ያህል ብረት ይበቃል የሚል። ማሽኑ ያለበት ክፍል የሚገባው ጫማ ተወልቆ ነው፤ መስጊድሽ መስሎሽ እንዳትሰግጂ! ሰውየው አዲስ አበባ ሄዶ ስድስት ቀን ተማረው። ምን ይደንቃል? ዓለምም የተፈጠረው በስድስት ቀን ነው። ፈጣሪ ግን በሰባተኛው ቀን አረፈ። የእኛው በሰባተኛው ቀን የእናቶች ማዋለጃውን ጣሪያ ጀመረ። እንቁላል ቀስ በቀስ በእግሩ ይሄዳል ይሉ ነበር የድሮ ሰዎች... መሄድ ለምኔ? የእኛው እንቁላል በረረ!

የማሽኑ መመሪያ መጽሐፍ የጡብ ያህል ይወፍራል። አቧራውን የምጠርገው እኔ ነኝ። እስከ አሥረኛው ገጽ በእርሳስ ተሰምሮበታል። ከዚያ ወዲያ ያለው ንጹሕ ነው፤ እጅ አልነካውም። ንጽሕና ደስ ሲል!

አቶ ሀብተወልድ፣ ፎርማናችን፣ ሠላሳ ዓመት አርማታ ሲያስሞሉ የኖሩት፣ ወረቀቱን አዩና «ልጄ፣ ይኼ የፌሮ ብረት ለዚህ የሶሌታ ጣሪያ ቀጥኗል፤ እስቲ እንደገና እየው» አሉት። ምን ቢላቸው ጥሩ ነው? «አባባ፣ ማሽን አይሳሳትም።» እንዴት ያለ ትሕትና ነው! እኔ አልሳሳትም አላለም እኮ። ክብሩን በሙሉ ለማሽኑ ሰጠ።

ጣሪያው ተሞልቶ ሲደርቅ፣ የድጋፉ እንጨት ይነሣ ተባለ። ሽማግሌው «በእኔ እጅ አይነሣም» አሉ። ከዚያማ... ደብዳቤውን የተየብኩት በእነዚህ ጣቶቼ ነው። «ለዕድገት እንቅፋት በመሆንዎ ከሥራ ታግደዋል።» አንድ ፊደል ጎድሎ ሁለት ጊዜ አስደገመኝ። ጥንቁቅ ነው... ለፊደል።

ሐሙስ ጠዋት እንጨቱ ተነሣ። መቼም ጣሪያም ሰውም ድጋፉ እስኪነሣ ቀጥ ብሎ የቆመ ይመስላል። አንዴ ቋ! አለ አሉ። ከዚያ መሐሉ እንደ እርጥብ ጆንያ ረገበ። ሰዉ ሲሮጥ፣ ያ ሳቂታው ግንበኛ ደምሴ ወደ ኋላ ቀረና ስባሪው እግሩ ላይ ወረደበት። ሁለት ቦታ ተሰበረ። ምጥሽ ከርሞ ቢሆን ኖሮ፣ ዘምዘም፣ አንቺስ የት ጣሪያ ሥር ነበርሽ? ...ተይው፣ ወተትሽ እንዳይደርቅ።

ከአዲስ አበባ አንዲት ትልቅ ሴት፣ መሐንዲስ፣ መጡ። ማሽኑን ዞር ብለው አላዩትም። በእርሳስ ግማሽ ቀን አሰሉ። የአልጋው፣ የሰዉ፣ የዝናቡ ክብደት ለማሽኑ ተነግሮታል። የጣሪያው የራሱ ክብደት ግን አልተነገረውም! ማሽኑ ምን ያድርግ? ያልነገሩትን ከየት ያምጣው? እኔስ አልፈርድም። የራሱን ክብደት የማያውቅ... ጣሪያ ማለቴ ነው... ስንት አለ ባገሩ! የማያውቁት ሸክም አይከብድም።

ሴትዮዋ «ፎርማኑ ዛሬውኑ ይመለሱ» ብለው ሄዱ። ደብዳቤውን የዚያኑ ዕለት ተየብኩ። ሦስት ሳምንቱ፤ የእሱኑ ፊርማ ይጠብቃል። ፊርማ ቀላል መሰለሽ? ሲያግድ ብዕሩ ሮጦ ነበር፤ ደክሞት ይሆናል። አቶ ሀብተወልድ እስከዚያው በየቀኑ ከሸዋ በር በእግራቸው ሆስፒታል እየሄዱ ደምሴን ያጎርሱታል። «ይቅር በለኝ ልጄ፣ ደጁ ላይ ተጋድሜ ልከለክል ይገባኝ ነበር» ይሉታል። ያላጠፋ ሰው ይቅርታ ሲለምን አይተሽ ታውቂያለሽ? ያጠፋውማ ጊዜ የለውም። በሚመጣው ወር የማሽኑን አጀማመር ለሌሎች እንዲያስተምር ተመርጧል። ይገባዋል! አጀማመሩን ከእሱ የተሻለ ማን ያውቃል?

ኧረ፣ እዚያ ማዶ ክፍል ወንበር ተንቀሳቀሰ ልበል? ይስሙ፤ ሰው አላማሁም፣ ልመርቅ ነው። እግዜር ዕድሜ ይስጠው። ትዳር ይስጠው፣ ልጆች ይስጠው። የኪራይ ቤት አያሳየው፤ በገዛ እጁ የነደፈውን ቤት ይስጠው። እናቱን፣ ሚስቱን፣ ልጆቹን እዚያ ሰብስቦ... ጣሪያውን ሽቅብ እያየ፣ ሰላማዊ እንቅልፍ ይስጠው። አሚን በይ እንጂ፣ ዘምዘም!