ወንበሩን ገልብጠው ያሳዩን

ዝናብ አንዳንዴ ሰውን ከሚሸሸው ሰው ጋር አንድ ጣራ ሥር ያቆማል። አናጢው ሦስት ወር ሙሉ ሲሸሻት ከከረማት ጎረቤቱ ከልብስ ሰፊዋ ጋር የተገናኘው እንዲሁ ነው። ሁለቱም ወደየሱቃቸው ሲሮጡ ዶፉ ቀደማቸውና በተዘጋ ፋርማሲ ደጃፍ ላይ ትከሻ ለትከሻ ተጠጋግተው ቆሙ።

«እንደምን ነዎት ጋሼ? ጠፉሳ!»

«አለሁ እህቴ፤ ሥራ ነው» አለ። ሥራ አልነበረም፤ ቅናት ነበር።

ሱቆቻቸው ፊት ለፊት ናቸው። ሁለቱም የእጃቸውን ሥራ ፎቶ እያነሱ ሁሉም ሰው በሚውልበት በትልቁ መድረክ ላይ ይለጥፉ ነበር። እሷ አርባ ሺህ ተከታይ ነበራት፤ እሱ ዘጠኝ ሺህ። አናጢው ጠዋት መላጊያ ከመጨበጡ በፊት የእሷን ገጽ ይከፍታል፤ ቀሚሷ ሺህ ሰው ከወደደላት ቁርሱን ሳይጨርስ ይነሳል። አንድ መጽናኛ ብቻ ነበረችው። ከፎቶዎቿ ጥግ ላይ የምትቀመጥበት በርጩማ ይታያል፤ አንዱ እግሩ አጥሮ የታጠፈ ጨርቅ ተደርጎበታል። ማስተካከሉ ለእሱ የግማሽ ሰዓት ሥራ ነበር። «እስኪ ትንገዳገድ!» እያለ በሆዱ ተወው።

ከሦስት ወር በፊት ገጿን ዘጋች። አንድ ቀን ደስ አለው። በማግስቱ ግን በመስኮት ሲያያት ስልኳን እያየች ትስቃለች። የት ገብታ ነው? ከማን ጋር ነው? ቀድሞ የሚቀናበትን ቁጥር ያውቀው ነበር፤ አሁን በማያየው ነገር መቅናት ጀመረ፤ ይህ ደግሞ ከሁሉ የባሰ ነው።

ዝናቡ እንደማያባራ ሲያይ አላስቻለውም። «አርባ ሺህ ሰው ጥለሽ የት ገባሽ? የተሻለ ገበያ አግኝተሽ ከጎረቤት መደበቅ ነውር ነው።»

«ምን እደብቃለሁ ጋሼ? እዚያው ስልክ ላይ ትንሽ ቤት ነው የገባሁት፤ ሁለት መቶ ሰው ብንሆን ነው። ሰፊ፣ አናጢ፣ ጫማ ሠሪ፣ ሰዓት ጠጋኝ። ቤቱ የተቀመጠበትን ኮምፒውተር፣ ሰርቨሩን፣ የሚጠብቁት ጡረታ የወጡ የሒሳብ መምህር ናቸው፤ ደንቡን ያወጣነው ግን እኛው ነን።»

«ሁለት መቶ!» ደረቱ ትንሽ ቀለለው። «ከአደባባይ ወጥቶ ጓዳ መግባት ይሏል ይሄ ነው። ማን ያይሻል?»

«አርባው ሺህስ መቼ አየኝ? ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ! ማን እንደሚያየኝ የሚወስነው የመድረኩ ማሽን ነው። ዛሬ ያነሳኛል፣ ነገ ይጥለኛል፤ ለምን ብዬ የምጠይቀው ሰው የለም።»

«መምህሩስ አንድ ቀን በግራ ጎናቸው ተነስተው ቢያባርሩሽ?»

«ጓዜን ጠቅልዬ ሌላ ቤት እገባለኋ! ቤቱ ብዙ ነው ጋሼ። እያንዳንዱ የራሱ ደንብና የራሱ ጠባቂ አለው፤ በሩ ግን ለጎረቤቱ ክፍት ነው። እዚህ ሆኜ እዚያ ቤት ካለው ሰው ጋር አወራለሁ፤ ቤት ብቀይርም ወዳጆቼ አይጠፉብኝም። ከትልቁ መድረክ ስወጣ ግን አንድ ሰው እንኳ ይዤ አልወጣሁም። አልዋሽዎትም፣ ጉድለት አለው። ቀዝቀዝ ይላል። ተሳዳቢ ሲመጣም ተራ ገብተን የምናስወጣው እኛው ነን። የራስ ቤት መጥረጊያውም የራስ ነው።»

«እሺ፣ ስንት ሰው እንደወደደልሽ በምን ታውቂያለሽ?»

«ቁጥር አይታይም።»

«አይታይም?» አናጢው እንደተሰደበ ሰው ሆነ። «ታዲያ ሰው ጥሩ መሥራቱን በምን ያውቃል?»

ልብስ ሰፊዋ ጎርፉን ትክ ብላ አየችው። «አንድ ነገር ልንገርዎት፤ እንዳይስቁብኝ። የወጣሁት በእርስዎ ምክንያት ነው።»

«በኔ?»

«ያ ባለ ክብ መደገፊያ ወንበርዎ፣ ሦስት ሺህ ሰው የወደደው። እሱን ካየሁ ወዲያ እህል አልበላ አለኝ። መቀስ ሳልይዝ የምከፍተው የእርስዎን ገጽ ነበር። ማሽኑ ደግሞ ዓይን የቆየበትን ነው መልሶ የሚያመጣው፤ በቀናሁ ቁጥር እርስዎን ይዞልኝ ይመጣል። አንድ ቀን ‹ምነው በተሰበረለት!› ስል ራሴን ሰማሁት። ያን ዕለት ዘጋሁት።»

ወንበሩ ተሰብሯል። ከሳምንት በፊት የገዛው ሰው የኋላ እግሩ ተነቃንቆበት መልሶለት፣ ከጣውላ ጀርባ ደብቆታል። ምክንያቱንም ያውቃል። ፎቶ ፊቱን እንጂ ሥሩን አያነሳም፤ እሱም የሚታየውን እያሳመረ የማይታየውን በኮላና በምስማር ማለፍ ለምዶ ነበር። ሃያ አምስት ዓመት በእጁ የኮራ ሰው!

«እኔም እንደዚያው ነኝ» አለ በመጨረሻ። «በርጩማሽ ሲንገዳገድ ደስ ይለኝ ነበር።»

ልብስ ሰፊዋ አፏን ይዛ ሳቀች። «መድረኩ እንደ ዶሮ አንድ ቅርጫት ከቶ ሲያዋጋን ነዋ የከረመው! ይምጡ ጋሼ። የቤታችን ደንብ አንድ ነው፤ አዲስ የመጣ ሰው ሥራውን ገልብጦ ያሳያል። ሰፊ ገበሩን፣ አናጢ ሥሩን። የቤቱ ሰዎች የኔን የውስጥ ስፌት አይተው ‹አይጥ ናት የሰፋችው?› ብለውኛል። በመስኮት ሲያዩኝ የምስቀው በዚያ ነው።»

በማግስቱ አናጢው የተደበቀውን ወንበር አወጣ፣ ገለበጠ፣ ፎቶ አነሳ፣ በትንሹ ቤት ገብቶ ለጠፈው። እኩለ ቀን ሳይሆን በሌላ ጎረቤት ቤት ያሉ አንድ ሽማግሌ አናጢ ጻፉለት፦ «ወንድሜ፣ እግሩ ውስጥ የሚገባው የእንጨቱ ምላስ አጭር ነው። ረዘም አድርገህ አስገባው፣ ምስማሩን እርሳው። እኔም በወጣትነቴ እንዲህ ሠርቼ አፍሬያለሁ።» ከሦስት ሺህ አድናቂ አንድም ሰው ይህን አልነገረውም ነበር። የሽማግሌውን መጋጠሚያ ፎቶ ባየ ጊዜ ቀና፤ ደህና አድርጎ ቀና። ነገር ግን ይሄኛው ቅናት ወደ ስልኩ ሳይሆን ወደ መላጊያው ወሰደው።

ትልቅ አደባባይ ሁሉ ክፉ ነው አይባልም። ሰው ግን የሚያርመውን ወዳጅ የሚያገኘው ስሙንና ሥራውን በሚያውቁት ዘንድ ነው፤ ደንቡን ራሱ ባወጣበት ቤት በነፃነት ይናገራል፤ ካልተመቸው ከነወዳጆቹ ይወጣል፤ ጎረቤቱንም እንደ ባላጋራ መቁጠር ይተዋል። አናጢው ይህን ሁሉ ያገኘው አንድ ወንበር በመገልበጥ ነው።

ወንበሩን አድሶ ለገዢው ከመለሰ በኋላ መንገዱን ተሻገረ። በርጩማውን ከሥሯ ወስዶ ሄደ፤ ከሰዓት በኋላ አዲስ እግር ገጥሞ መለሰው።

«እንግዲህ» አለ እየሳቀ፤ «ቁጥር ከሌለ፣ ጥሩ መሥራቴን በምን አውቃለሁ?»

ልብስ ሰፊዋ የታጠፈውን ጨርቅ ወደ ቁርጥራጭ ዘንቢሉ ጣለችው፣ ተቀመጠች፣ የስፌት መኪናውን መርገጫ በኃይል ረገጠች።

በርጩማው አልተንገዳገደም፤ ድምፅም አላሰማም።