ሯጩ ዛሂድና የእናቱ ፍርሃት

ሽኩሪያ በሳዑዲዋ ኾበር ከተማ፣ ዐቅረቢያ ሰፈር ካለው ባቃላ፣ ከሰፈሩ ሱቅ ገብታ ቴምር ስትመርጥ፣ ዘመድ ልትጠይቅ ከደማም ከመጣችው ነርስ ከሁመይራ ጋር ድንገት ፊት ለፊት ተገጣጠሙ። የሽኩሪያ ልጅ ዛሂድ በኾበርና በደማም ካሉት የሐበሻ ልጆች ሁሉ ፈጣኑ ነው፤ በመቶ ሜትር ቀድሞት የሚያውቅ የለም። ሁልጊዜ ሁለተኛ የሚወጣው ደግሞ የሁመይራ ወንድም ኢክሪማ ነው። ስለዚህ ሽኩሪያ ሰላምታውን ቶሎ ልታሳጥረው ፈለገች።

«አክስቴ፣ ቅር ካላለዎት አንድ ነገር ልንገርዎ» አለች ሁመይራ። «ነገ ከጁምዓ በኋላ ሩጫ አለ። ወደ ሪያድ የሚሄደውን ቡድን አለቃ የሚመርጡት ሯጮቹ ራሳቸው ናቸው። ዛሂድን ግን የሚመርጠው የለም።»

«ለምን ሲባል? የሚቀድማቸው እሱ አይደል?»

«ጉረኛ ነው ይላሉ። ሊጨብጡት ሲሉ እጁን ይሰበስባል። ባለፈው ኢክሪማ እንኳን ደስ አለህ ብሎ ሊያቅፈው ቢሄድ ፊቱን አዙሮ ሮጠ። ቪዲዮው በየስልኩ ዞሯል።»

ሽኩሪያ ቱግ አለች። «ወላሂ ልጄ ጉራ አያውቅም! ያዘዝኩት እኔ ነኝ። ከሩጫ በፊት ማንንም አትጨብጥ፣ ካሸነፍክም የሰው ክፉ ዓይን ሳያርፍብህ ሽሽ አልኩት። ዓይን ግመልን ድስት ይከታል ሲባል አልሰማሽም?»

እናት ናትና አይፈረድባትም። ነገር ግን ልጇን ከዓይን አድናለሁ ስትል ለሐሜት አሳልፋ እንደ ሰጠችው አልታያትም ነበር።

ሁመይራ አልሳቀችባትም። «ዓይን እውነት ነው፤ አልክድም። ግን አክስቴ፣ ያየ ሰው በረካ እንዲለምንለት አይደል የታዘዘው? የተከፋ ሰው በምን አንጀቱ ማሻአላህ ይላል? አሰላሙ ዐለይኩም ሲሉትስ ሰላም እየለመኑለት አይደለም? ዛሂድ እጁን በሰበሰበ ቁጥር የሚሸሸው ከዱዓ ነው።»

ሽኩሪያ የያዘችውን ቴምር መልሳ አስቀመጠች። «እሱስ... ጨብጧቸው ቢሸነፍሳ?»

«ሩጫ አይደል፤ ይሸነፋላ። የተወደደ ሰው ሲሸነፍ የሚያጽናናው አያጣም። ጉረኛ የተባለ ሲሸነፍ ግን ይጨበጨባል።»

ሽኩሪያ ቤት እንደ ገባች ዛሂድን ጠርታ «ነገ ሁሉንም ጨብጥ» አለችው። ልጁ ከደስታው ብዛት እናቱን ብድግ አድርጎ አዞራት፤ ለካስ ከሩጫው ይልቅ ትእዛዟ ሲያደክመው ኖሯል።

በማግስቱ ደማም ሜዳ ላይ ዛሂድ ሯጮቹን አንድ በአንድ ጨበጠ። ከዚያ ተሮጠ። ኢክሪማ በደረት ቀደመው!

ሽኩሪያ ክው አለች። «አላልኩም? ዓይን...» ልትል አፏን ስትከፍት፣ ዛሂድ የኢክሪማን እጅ ወደ ላይ አንስቶ «የዛሬው ጀግና ይሄ ነው!» እያለ ሲስቅ አየች። የደማሙ ሰው ደግሞ በራሱ ልጅ በኢክሪማ ድል ላይ ጨምሮ «ዛሂድ! ማሻአላህ ዛሂድ!» ይላል። ልጇ አሸንፎ እንኳ እንዲህ ተጠርቶ አያውቅም ነበርና ሆዷ ቅቤ ጠጣ። አለቃ ለመምረጥ እጅ ሲወጣ፣ ለዛሂድ መጀመሪያ የወጣው የኢክሪማ እጅ ነበር።

ሰው ለሰው መድኃኒቱ ነው መባሉ ለዚህ ነው። ፈጣን እግር ዋንጫ ያመጣል፤ በዋንጫው አብሮ የሚደሰት ወዳጅ የሚያመጣው ግን የተዘረጋ እጅ ነው። ልጆቻችንን ሩጫ ስናስተምር ይህንንም አብረን ብናስተምራቸው፣ ሲያሸንፉ ይመሰገናሉ፣ ሲሸነፉም አይዋረዱም።

«ዓይኑሳ አክስቴ?» ብላ ሜዳው ዳር አጠገቧ የቆመችው ሁመይራ አሾፈችባት።

«ኸላስ፣ በቃ፣ ጠግበው ይዩት!» አለችና ሽኩሪያ እልልታዋን አቀለጠችው፤ ልጇን ለቀደመው ለኢክሪማ።