ከመርከብ ላይ ሲነሱ

ፌርፋክስ ከተማ ውስጥ በተሳፈርኩበት አውቶቡስ፣ ከፊቴ የኔቪ፣ የባሕር ኃይሉን፣ ኮፍያ ያደረገች ወጣትና አንድ አዛውንት ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። ገና መተዋወቃቸው ነው።

«ኮፍያሽን አይቼ፣ በአማርኛ ስልክ ስታወሪም ሰምቼ ነው ያናገርኩሽ። ልጄ ኔቪ ውስጥ ፓይለት ናት። አውሮፕላን ከሚጭነው መርከብ ላይ ነው የምትነሳው።»

«እኔ እኮ እዚያ ነበር የምሠራው፣ ጋሼ! አውሮፕላኖቹን የምናስነሳው እኛ ነበርን።»

«እሷ አትነግረኝም። እስቲ አንቺ ንገሪኝ።»

«መርከቡ አጭር ነው፣ ሮጦ ለመነሳት ቦታ አይበቃም። ሶ፣ የፊት ጎማውን ወለሉ ላይ ካለው መጎተቻ ጋር እናያይዘዋለን። ከሥር የታመቀው እንፋሎት ሲለቀቅ መጎተቻው ይስፈነጠራል፣ አውሮፕላኑም አብሮ ይወነጨፋል።»

«ያኔ መሪውን ጥብቅ አድርጋ ትይዛለች?»

«አትነካውም። ከላይ እጀታ አለ፣ እሱን ነው የምትይዘው። መሪውን የምትይዘው አየር ላይ ስትወጣ ነው።»

«ወይ ጉድ! ከዚያስ?»

«መርከቡን ሲለቅ አንዳንዴ ትንሽ ዝቅ ይላል። ሁላችንም ትንፋሻችንን እንይዛለን። ከዚያ ቀና ይላል። እስካሁን የሚናፍቀኝ ያ ቀና የሚልበት ጊዜ ነው።»



«ልጄን ሳይክል ያስተማርኳት እኔ ነኝ። ከኋላ ይዤ አብሬያት እሮጥ ነበር። ‹ባባ፣ ልቀቀኝ!› እያለች ትጮሃለች።»

«ለቀቋት?»

«ለቀቅኳት እንጂ። ዞር ብላ ሳታየኝ እስከ መንገዱ ጫፍ ሄደች። እኔ እጄን እንደዘረጋሁ ቀረሁ።»

አውቶቡሱ ከፌርማታው ሲነሳ፣ የፊቴን ወንበር መደገፊያ በሁለት እጄ ያዝኩ።