«ነካሁ» ማለትን ላስተማሩን ሲስተር

ባልደረቦቼ፣ እንግዶቻችን፣ በተለይ ደግሞ ዛሬ በጡረታ የምንሸኛቸው፣ መሃል ላይ ተቀምጠው «ቶሎ ጨርስ» በሚል ዓይን የሚያዩኝ ሲስተር፣ እንደምን ዋላችሁ።

ሲስተር ኦፕሬሽን ክፍላችን የገቡ ቀን እኔ ገና ፊደል እቆጥር ነበር። የሰማሁት ከማደንዘዣ ባለሙያው ከጋሼ ነው፤ ውሸት ከሆነ እሳቸው ይጠየቁበት። ዳይሬክተሩ አዲሷን ነርስ እንኳን ደህና መጣሽ ሊሉ በውጭ ጫማቸው ዘው አሉ። ሲስተር በር ላይ ገትረው አቆሟቸው።

«ማን እንደሆንኩ ታውቂያለሽ?»

«እርስዎን አላውቅዎትም። ጫማዎ ግን ከመንገድ እንደመጣ አውቃለሁ።»

ዳይሬክተሩ ጫማ ቀይረው ተመለሱ፤ የሲስተርም ስም «ትራፊክ» ሆኖ ቀረ። ይህን ስም እስከ ዛሬ አልሰሙትም ብለን ነው የምናስበው።

እዚህ ያለን ሐኪሞች አብዛኞቻችን ተማሪ ሳለን በእጃቸው አልፈናል። ታጥቤ ጨረስኩ ስል «ክርንህንስ ቤት ትተኸው መጣህ?» ብለው ወደ ቧንቧው መልሰውኛል። አፍንጫችንን ሲበላን «ቻሉት፤ የተኛው ሰው ስንቱን ችሏል» ይሉናል። በየጠዋቱ ደግሞ፣ «ቁርስ ያልበላ ይውጣ። ራሱን የሚስት ካለ ወደ ኋላ ይውደቅ፤ ወደ ፊት ቦታ የለንም።» ዛሬ ስፔሻሊስት የሆነ አንድ ወዳጃችን በሥርዓቱ ወደ ኋላ ወድቋል። ስሙን አልጠራም፤ ያው ራሱ እየሳቀ ነው።

ከሁሉም አብልጠው የሚጠብቁት ደንብ ግን አንድ ነበር። ጓንት አድርጎ ንጹህ ያልሆነ ነገር የነካ ሰው፣ ታየም አልታየም፣ ጮክ ብሎ «ነካሁ» ይላል።

አሁን የምናገረውን ለማንም ነግሬ አላውቅም። ተማሪ እያለሁ፣ አንዲት የልጆች እናት ሆዷ ሊከፈት ተኝታ ሳለ፣ እጅጌዬ የመብራቱን ዘንግ ነካ። ሐኪሙ ቁጡ ነበሩ፤ ውጤቴም በእጃቸው ነው። ዝም ለማለት ወሰንኩ። ቀና ስል ሲስተር እያዩኝ ነው። ጠበቁኝ።

«ነካሁ» አልኩ።

ሐኪሙ ጮኹብኝ። ሲስተር አዲስ ጋውን እየዘረጉልኝ፣ «ዶክተር፣ ዛሬ ከተቆጡት ነገ ማንም አይናገርም» አሏቸው። ሴትየዋ በአምስተኛው ቀን ቁስሏ ደርቆ ልጆቿ ጋ ሄደች።

በኋላ «ዝም ብል ኖሮስ?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

«እኔ እናገር ነበር። አንተ ግን ሐኪም አትሆንም ነበር።»

ሲስተር፣ ሐኪም ሆኛለሁ። አመሰግናለሁ። ይህን ለመናገር ይህን ያህል ዓመት በመቆየቴ አፍራለሁ።

ብዙዎቻችን እርስዎ ሲሄዱ ክፍሉ ምን ይሆናል ብለን ፈርተናል። እኔም ፈርቼ ነበር፤ እስካለፈው ሳምንት ድረስ። ሥራ ላይ እያለሁ ከኋላዬ የአንዲት ተማሪ ድምፅ ሰማሁ፤ ከገባች ገና ሦስተኛ ቀኗ ነው። «ዶክተር፣ ይቅርታ፣ ክርንዎ ነክቷል።» ደሜ ፈላ፤ እውነቱን ልናገር። ከዚያ ወጥቼ ጋውኔን ቀየርኩ፤ ተመልሼም በሁሉም ፊት አመሰገንኳት።

ብርጭቆዎቻችሁን አንሱ። ለሲስተር ጤናና ረጅም ዕድሜ፣ ከእንግዲህ ማንም ለማይቀሰቅስዎት ጠዋት። እኛን ሐኪሞችን አፍ አውጥታ ለምታርመን ለዚያች ልጅም። ሲስተር፣ በሦስት ቀን እሷን ያስተማሯት እርስዎ ነዎት፤ አሁን ቤትዎ እፎይ ይበሉልን።