መጽሐፉን ያልመሰለው ቁጥር

ዝናቡ ድንገት ባይወርድ ኖሮ ልብስ ሰፊዋና ጋሼ ዳይሬክተር በዚያ ጠዋት ባልተገናኙ፣ ይህ ሁሉ ክርክርም ባልተነሳ ነበር። እሷ ዚፕና ቁልፍ ገዝታ ወደ ቤቷ ስትሮጥ፣ እሳቸው ጋዜጣቸውን እንደ ቆብ ጭንቅላታቸው ላይ ደፍተው ሲፈጥኑ፣ ሁለቱም ከአንድ የጽሕፈት መሣሪያ መደብር በረንዳ ሥር ተጠለሉ።

ሴትየዋን ጎረቤቱ ሁሉ «እትዬ ወይኔ» ይላታል። ስሙ ያለ ምክንያት አልወጣላትም። ስልክ ሲጮኽ «ወይኔ፣ ማን ሞተ?» ትላለች፤ ስልኩ ዝም ሲል ደግሞ «ወይኔ፣ ምን ሆነው ነው የማይደውሉት?» ትላለች። ሁለተኛ ደረጃን የጨረሰች፣ በስፌቷ የተመሰገነች፣ አንዲት ልጇን ብቻዋን ያሳደገች ሴት ናት፤ ክፉ ነገር ሳይመጣ ቀድማ ወጥታ መቀበል ግን አመሏ ነው። ጋሼ ዳይሬክተር ግድግዳ የሚጋሩ ጎረቤቷ ናቸው። ጡረታ እስኪወጡ ድረስ ትምህርት ቤት ሲመሩ ኖረዋል፤ ዛሬም በመንገድ የሚያልፈውን ልጅ ሁሉ «ሸሚዝህን ክተት!» ሳይሉ አይውሉም።

«እንደምን አደርሽ እህቴ? ልጃችንስ? ኮሌጁ ተስማማት?» አሉ ጋዜጣቸውን እያራገፉ።

«ምን ተስማማት ይሉኛል ጋሼ! ፊዚክስ ሊገድላት ነው እንጂ። የሚያስተምሯቸው ከካልኩለስ ጋር አደባልቀው ነው። በዚያ ላይ በየሳምንቱ «ላብ» የሚሉት ላቦራቶሪ አለ። በመጀመሪያው የላብ ሪፖርት ግማሽ እንኳ አላገኘችም። ሁለተኛውንም ከወደቀች ላቡን ወደቀች ማለት ነው፤ ላቡን የወደቀ ትምህርቱን ይወድቃል፤ ትምህርቱን የወደቀ ምሕንድስና አይገባም አሉ። ከዚያ ወዲያ እንግዲህ ምን ቀረን?»

«ቀስ በይ እስቲ። ሁለተኛው ስለ ምንድን ነው?»

«ኳስ በክር አንጠልጥለው ያወዛውዛሉ። ፔንዱለም ነው የሚሉት። ከእሱ ተነስተው የመሬትን ስበት ያሰላሉ።»

«ዘጠኝ ነጥብ ስምንት!» አሉ ጋሼ ዳይሬክተር፣ ያጠናው ጥያቄ እንደመጣለት ተማሪ ፊታቸው በርቶ። «እሷስ ስንት አገኘች?»

«ጠረጴዛዋ ላይ አይቼዋለሁ። አንዱ ስምንት ነጥብ ስምንት ይላል፤ አንዱ ዘጠኝ ነጥብ ሦስት፤ አንዱ ዘጠኝ ነጥብ አምስት።»

ጋሼ ከንፈራቸውን መጠጡ። «ይህማ አለቀ። መልሱ የታወቀ ነገር ነው እኮ! መምህር የሚፈልገውም የታወቀውን መልስ ነው። መቼ ነው የምታስገባው?»

«ዛሬ ከሰዓት!»

«እንግዲያው ዝናቡ የፈለገውን ያህል ይዝነብ፤ እንሂድ!»

ሁለቱም እየበሰበሱ ደረሱ። ቤቱ አንድ ክፍል ከመኝታ ጋር ነው። መስኮቱ ሥር የስፌት መኪናው ተቀምጧል፤ ረጅሙ ጠረጴዛ ግማሹ በተቆረጠ ጨርቅ፣ ግማሹ በልጅቷ ወረቀትና ማስመሪያ ተይዟል። ልጅቷ እርሳስ ጆሮዋ ላይ ሰክታ አንድ ግራፍ ላይ አፍጥጣለች።

«እማዬ! ምን ሆናችሁ ነው እንዲህ የበሰበሳችሁት? ጋሼ፣ ደህና አደሩ? ይቀመጡ።»

«መቀመጡንስ እቀመጣለሁ፤ ነገሩ ግን የሚያስቀምጥ አይደለም» አሉ ጋሼ ተቀምጠው።

እናት ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ ላጲስ አንስታ ለልጇ ዘረጋችላት። «የኔ እናት፣ በሞትኩት፤ ይቺን ስምንቷን አጥፊና ዘጠኝ ነጥብ ስምንት በያት። ማን ያይሻል?»

«እኔ አያለኋ!»

«አንቺማ የኔው ነሽ፤ አትናገሪም።»

ልጅቷ ሳቋ መጣ። «እማዬ፣ ሰዓት ይዤ፣ ውዝዋዜውን ቆጥሬ፣ በእጄ ለክቼ ያገኘሁት ቁጥር እኮ ነው።»

«ታዲያ መሬት የሌላውን ሰው ልጅ ኳስ በዘጠኝ ነጥብ ስምንት ስትስብ፣ ያንቺን በስምንት ነጥብ ስምንት የምትስበው ምን በድለናት ነው?»

«እኔም እሱን ነው እያሰብኩ ያለሁት። መሬት አልተሳሳተችም፤ የተሳሳትኩት እኔ ነኝ። የት እንደተሳሳትኩ ግን አላወቅሁም። ቁጥሩን ካጠፋሁት ደግሞ መቼም አላውቀውም።»

ጋሼ ዳይሬክተር ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ልጄ፣ ትልልቅ ሰዎች ዘመናቸውን ሙሉ ደክመው ያገኙትን ቁጥር አንቺ በአንድ ከሰዓት በክር ልትሽሪው ነው? ይህ ትሕትና ማጣት ነው።»

«ልሽረው አይደለም ጋሼ። እርስዎን አንድ ነገር ልጠይቅዎት? ፈተና ላይ አንድ ልጅ ከጎኑ ካለው ቀድቶ ሁሉንም ልክ ቢያመጣ ምን ያደርጉታል?»

«ምን አደርገዋለሁ? ጆሮውን ይዤ ከክፍል አስወጣዋለሁ!»

«መልሱ ልክ ቢሆንም?»

«ልክ ቢሆንም! የሱ አይደለማ!»

«እኔስ ከመጽሐፉ ብቀዳ?»

«መጽሐፍና የጎን ልጅ አንድ አይደሉም» አሉ ጋሼ፤ ድምፃቸው ግን እንደ ቅድሙ አልነበረም።

በእውነቱ ጥፋቱ የእሳቸው ብቻ አይደለም። ብዙዎቻችን ያደግነው የመልሱን ቁጥር ሸምድደን፣ ከመልሱ ወደ ጥያቄው የኋሊት እየሄድን ነው። ከመጽሐፉ ጋር የተስማማ ጎበዝ፣ ያልተስማማ ሰነፍ ይባል ነበር። እንዲህ ሆኖ ያደገ ሰው እጁ ሜትር ቢይዝም ዓይኑ የሚያየው መልሱን ነው።

እናት ግን በዚህ አልተረታችም። «የመጀመሪያውን ሪፖርት የወደቅሽው በዚሁ ግትርነትሽ አይደል? ሰዓቱ ተበላሽቶ ነው አልሽኝ፤ እሺ ብዬ ዝም አልኩ። አሁንስ ምን ልትዪኝ ነው?»

ልጅቷ እርሳሱን ከጆሮዋ ላይ አወረደች። «ሰዓቱ አልተበላሸም ነበር እማዬ።»

«እህ?»

«ኳስ ከላይ ለቀን የወደቀበትን ጊዜ እንለካ ነበር። የኔ አልመጣልኝም። እዚህ ቤት ምን እንደሚባል አሰብኩና ሁሉንም ዘጠኝ ነጥብ ስምንት አድርጌ ጻፍኩት። መምህርቷ ከግማሽ በላዩን ነጥብ ቀነሰችና ከሥሩ ‹መጽሐፉን እኔም አንብቤዋለሁ፤ ያንቺ ኳስ ግን ምን አለሽ?› ብላ መለሰችልኝ። የወደቅሁት ስላስተካከልኩት ነው።»

እናት ወንበር ስባ ተቀመጠች። ካሰበችው ክፉ ነገር ሁሉ ውስጥ ይህኛው አልነበረም። ከነጥቡ ይልቅ «እዚህ ቤት ምን እንደሚባል አሰብኩ» ያለችው ቃል ልቧ ውስጥ ገብቶ ቀረ።

«ለምን አልነገርሽኝም?» አለች በቀስታ።

«ወይኔ እንዳትዪ ብዬ ነዋ።»

ከአፏ ልትወጣ የነበረችውን «ወይኔ» እናት በግድ መለሰቻት።

ጋሼ ዳይሬክተር ወደሚያውቁት ሥራ፣ ወደ መፈተን ተመለሱ። መነጽራቸውን ጠርገው ወረቀቱን ሳቡት። «መልካም። ተሳስቻለሁ ካልሽ ስህተቱን አሳዪኝ። ሰዓቱን እንዴት ያዝሽ?»

«ኳሱ ብዙ ጊዜ እስኪመላለስ ጠብቄ ጠቅላላውን ለመመላለሻው ብዛት አካፈልኩ። ደጋግሜዋለሁ፤ ብዙም አይለያይም።»

«ኳሱን አርቀሽ ነው የለቀቅሽው?»

«በጥቂቱ ነው። ቀመሩ የሚሠራው ውዝዋዜው ትንሽ ሲሆን ብቻ ነው፤ በካልኩለስ ራሳችን አውጥተነዋል።»

«ክሩንስ? ከየት እስከ የት ነው የለካሽው?»

«ከላይ ከመንጠቆው ጀምሬ እስከ ታች ቋጠሮው...»

አልጨረሰችውም። ቃሉ ከአፏ እንደወጣ እጇ አየር ላይ ቀረ።

«እስከ ቋጠሮው!» ብላ ጮኸች። «ጋሼ! እስከ ኳሱ መሐል ድረስ መለካት ነበረብኝ!»

እናት ከወንበሯ ተፈናጠረች። «ምን ሆንሽ? ምን ነካሽ?»

«ምንም አልሆንኩም እማዬ፤ ነይ እዪ! እዪ፣ ክሩ አጭር ሲሆን ቁጥሬ ከመጽሐፉ በጣም ይርቃል፣ ስምንት ነጥብ ስምንት። ክሩ እየረዘመ ሲሄድ ይጠጋል፣ ዘጠኝ ነጥብ አምስት። ለምን? ሁልጊዜ የጎደለኝ ያው የኳሱ ግማሽ ነዋ! ከአጭር ክር ላይ ሲጎድል ብዙ ነው፤ ከረጅም ላይ ሲጎድል ግን ትንሽ ነው።»

«ቆይ፤ ቀስ ብለሽ ንገሪኝ» አለች እናት።

«የሜትርሽ ጫፍ ሁለት ሴንቲ ተበልቷል እንበል። አንቺ ሳታውቂ ብትለኪበት ወገቡም ደረቱም ይሳሳታል አይደል? በደረቱና በወገቡ መካከል ያለው ልዩነትስ?»

እናት ትንሽ አሰበች። «ልዩነቱማ ልክ ነው። ከሁለቱም ላይ እኩል ነው የተሳሳትኩት።»

«በቃ፣ ይኸው ነው! ግራፉን እዪው። መስመሩ ቀጥ ብሏል፤ የተነሳው ግን ከዜሮ አይደለም። ጠዋት ሙሉ ያፈጠጥኩት እሱ ላይ ነበር። ካልኩለስ የለውጥ ሂሳብ ነው፤ የማይለወጠው ጭማሪ በለውጥ ውስጥ ይጠፋል። ስለዚህ መስመሩ ከየት እንደተነሳ ትቼ፣ እንዴት እንደሚወጣ ብቻ ብወስድ...» ማስመሪያዋን አሳርፋ፣ ጥቂት ጭራ፣ ቀና አለች። «ዘጠኝ ነጥብ ሰባት። ከዜሮ የራቀበት ደግሞ ልክ የኳሱን ግማሽ ያህል ነው።»

ጋሼ ዳይሬክተር ወረቀቱን ወደ ዓይናቸው አስጠጉ፣ አራቁ፣ እንደገና አስጠጉ። «ያቺን ስምንት ነጥብ ስምንት ቅድም ብታጠፊያት ኖሮ...»

«መስመሩ ይጣመም ነበር፤ ስህተቱም አይታይም ነበር።»

«እኔ ነኝ እኮ አጥፊያት ልል በዝናብ የመጣሁት!» አሉና ሳቃቸውን ለቀቁት። «ጥያቄዬ ግን ጥሩ ነበር፤ አይደለም እንዴ?»

«በጣም ጥሩ ነበር ጋሼ።»

ላጲሱን ከጠረጴዛው ላይ አንስታ የልብስ ስፌት ሳጥኗ ውስጥ የከተተችው እናት ናት። ልጅቷ አንድም ቁጥር ሳታጠፋ፣ የት እንደተሳሳተችና እንዴት እንዳወቀችው ከሥሩ ጻፈች።

ከሰዓት እናት አብሬሽ ካልሄድኩ አለች። ልጅቷ ሪፖርቷን ልታስገባ ስትገባ፣ እናት በኮሌጁ ኮሪደር፣ የላቦራቶሪው በር ፊት ለፊት ካለው አግዳሚ ላይ ተቀምጣ መጥፎውን ሁሉ በየተራ አሰበችው። በሩ ሲከፈት የወጣችው ነጭ ጋውን የለበሰች ወጣት መምህርት ናት።

«አሁን ሪፖርት ያስገባችው ልጅ እናት እርስዎ ነዎት?»

«ወይኔ፣ ምን አጠፋች?»

«ተሳስታለች» አለች መምህርቷ፤ ግን ፈገግ ብላ ነው። «ስህተቷንም ራሷ አግኝታዋለች። እናቴ፣ የክፍሉ ተማሪ ሁሉ በዚያው ክር፣ እስከዚያው ቋጠሮ ነው የለካው። ከግማሽ በላዩ ግን ዘጠኝ ነጥብ ስምንት ጽፎ መጥቷል። ከየት አመጡት ይላሉ?»

«ከመጽሐፉ» አለች እናት፣ አፍራ።

«ከመጽሐፉ። እነዚህ ልጆች ነገ ድልድይ ይሠራሉ፣ ማሽን ይተክላሉ። አንድ ቀን ብረቱ መጽሐፉ ካለው በላይ ጎብጦ ሲያገኙት ቁጥሩን የሚያስተካክሉ ከሆነ ድልድዩ ከነሰዉ ይወርዳል። ‹ይህ ለምን ሆነ?› ብሎ የሚቆም ሰው ነው የምፈልገው። ልጅዎ ዛሬ ቆማለች። ላቡን በጥሩ ነጥብ አልፋለች፤ አይጨነቁ።»

እናት እንዲህ ዓይነት አየር ሳንባዋ ውስጥ ከገባ ስንት ጊዜው ነበር! ከአግዳሚው ተነስታ የመምህርቷን እጅ ይዛ ምርቃት ጀምራ መሐሉ ላይ አለቀሰች።

ዝናቡ አባርቶ ነበር። እናትና ልጅ እጅ ለእጅ ተያይዘው ጥቂት እንደሄዱ ልጅቷ እርምጃዋን ገታች።

«እማዬ፣ ሌላም ነገር አለ። የግማሽ ሴሚስተሩ ፈተና... ሰባ አገኘሁ ያልኩሽ ሃምሳ አራት ነው።»

እናት መንገዱ መሐል ቆመች። በአንድ ጊዜ ውድቀቱም፣ መባረሩም፣ የጎረቤቱ ወሬም ሁሉም መጣባት። ልጅቷ ደግሞ ፊቷን ፊቷን እያየች ትጠብቃለች። እናት የልጇን እጅ አጥብቃ ያዘች።

«የትኛው ምዕራፍ ነው ያስቸገረሽ?» አለች።

«ሽክርክሪት ላይ ያለው።»

«እሺ። ማን ያስረዳሻል?»

«መምህርቷ ሐሙስ ሐሙስ ቢሮዋ ትቀበለናለች፤ ፈርቼ ሄጄ አላውቅም።»

«የፊታችን ሐሙስ ትሄጃለሽ። እኔ ግን አብሬሽ አልመጣም።»

«እውነትሽን ነው?»

«በሩ ድረስ ብቻ።»

ልጅቷ እየሳቀች እናቷን አቀፈቻት።

ከዚያ ወዲህ በዚያ ቤት ብዙ ነገር ቀለለ። ጋሼ ዳይሬክተር የሠፈሩን ልጆች የቤት ሥራ ሲያሳዩዋቸው «መልሱ ስንት ነው?» ከማለታቸው በፊት «እንዴት አገኘኸው?» ይላሉ፤ ሸሚዙን ማስከተቱን ግን አልተዉም። እትዬ ወይኔም መጨነቋን አልተወችም፤ የተወችው ጭንቀቷን ልጇ ላይ መጫን ነው። ያነሰ ነጥብ ሲመጣ ያነሰበት ምዕራፍ ይታወቃል፤ የታወቀ ምዕራፍ ይጠናል፤ የተጠና ደግሞ በሚቀጥለው ፈተና ይሻላል። እንዲህ እያለች ልጅቷ ፊዚክሱን አለፈች፤ ምሕንድስናም ገባች። ልጆቻችንን የተሳሳተ ቁጥር ይዘው እንዲገቡ ከፈቀድንላቸው እውነተኛውን አብረን እንፈልገዋለን፤ ያማረውን ብቻ ይዘው እንዲመጡ ካስገደድናቸው ግን ያማረውን ይሰጡንና ሸክሙን ብቻቸውን ይዘው ይተኛሉ። እናትየዋ ይህን ካወቀች ጀምሮ ልጇ ስትገባ የምታየው ነጥቧን ሳይሆን ፊቷን ነው፤ ፊቷም፣ የያዘችው መልካምም ይሁን መጥፎ፣ እውነቱን ይናገራል።