ስለ ባቱሎ ጣሪያና ወደ ቱሊ ጉሌድ ሄዷል ስለተባለው መርጫ

የምስክር ቃል መቀበያ

የምስክሩ ስም፦ ገብረክርስቶስ ሽመክት
ዕድሜ፦ 76 (ምስክሩ ዝቅ ተደርጎ እንዲጻፍላቸው ጠይቀው በመታወቂያቸው መሠረት የተሞላ)
አድራሻ፦ ጅግጅጋ ከተማ፣ ከፅዮን የሕንፃ መሣሪያ ሱቅ ጀርባ
ሥራ፦ ጡረተኛ፣ የቀድሞ መካኒክ
የግል ተበዳይ፦ ወ/ሮ ባቱሎ ዋርሳሜ
ተጠርጣሪ፦ ኢሴ ዐብዲ
ቃሉ የተሰጠበት ቀን፦ መጋቢት 14 ቀን 2015 ዓ.ም. ከጠዋቱ 3፡30
ቃሉን የተቀበለው፦ ምክትል ሳጅን መልአክ ደረጄ

እኔ ስሜ ከላይ የተጠቀሰው ምስክር ተጠርጣሪውን ኢሴን ጣሪያ ማጠብ ከጀመረበት ካለፈው ዓመት ወዲህ አውቀዋለሁ። ከዚያ በፊት በቱሊ ጉሌድ ገጠሮች እየዞረ የሰው ግመልና ፍየል በመዥገር መድኃኒት ሲረጭ የኖረ ሰው ነው። የግል ተበዳይዋን ወ/ሮ ባቱሎን ግን ከሃያ ዓመት በላይ አውቃታለሁ። የልጄ የፅዮን ሱቅና የእሷ ግቢ በር ፊት ለፊት ናቸው። ከሁለቱም ጋር ዝምድናም ጠብም የለኝም። ከወ/ሮ ባቱሎ ጋር በየቀኑ እንሰዳደባለን፤ ይህ ግን ሰላምታችን ስለሆነ እንደ ጠብ እንዳይመዘገብብኝ ጠይቄያለሁ።

ወደ ጣቢያው የመጣሁት ማንም ሳይጠራኝ በራሴ ፈቃድ ነው። መጋቢት 11 ቀን ሰኞ ጎህ ሲቀድ የልጅ ልጄን ለማየት ወደ ሽንሌ ሄጄ ነበር። ትናንት ስመለስ ኢሴ መታሰሩን ከፅዮን ሰማሁ። እንደነገረችኝ ከሆነ የወ/ሮ ባቱሎን ጣሪያ በመዥገር መድኃኒት መርጫ በማጠቡ፣ ከጣሪያው የወረደው ውሃ ግቢዋ ውስጥ ተቆፍሮ የተሠራውን የዝናብ ውሃ ማጠራቀሚያ፣ ቢርካውን፣ መርዞታል፤ ከቢርካው የጠጣች አንዲት ፍየል ሞታለች፤ ሌሎቹም ታመዋል ተብሎ ነው። ፖሊስ የመዥገር መርጫውን ቤቱ ፈልጎ አጥቷል። ኢሴ መርጫው የት እንደደረሰ ሲጠየቅ "ወደ ቱሊ ጉሌድ ሄዷል" ብሎ መልሷል፤ በዚህም ማስረጃ አሽሽቷል ተብሎ ይበልጥ ተጠርጥሯል። ፅዮን ይህን ስትነግረኝ የያዝኩትን ጉርሻ መልሼ ትሪው ላይ አስቀመጥኩት። ምክንያቱም መርጫው ቱሊ ጉሌድ የሚባል አገር አልረገጠም። ያለው እኔ ከምቀመጥበት አግዳሚ ወንበር ሥር ነው። ዛሬ ጠዋት በጆንያ ጠቅልዬ በባጃጅ አምጥቼ ለመርማሪው አስረክቤያለሁ።

መርጫው እኔ ዘንድ እንዴት ሊገኝ እንደቻለ ተጠይቄ የሚከተለውን አስረድቻለሁ። መጋቢት 7 ቀን ሐሙስ ከሰዓት በፊት ኢሴ ይህንኑ በጀርባ የሚታዘል አሮጌ መርጫ ተሸክሞ ወደ ሱቁ መጣ። የወ/ሮ ባቱሎን ጣሪያ ዝናብ ሳይገባ ሊያጥብ መስማማቱን ነግሮን በረኪናና ፈሳሽ ሳሙና ጠየቀ። ርግብ ስለሚያድርበት ጣሪያው በኩስ ተሸፍኗል፤ አጠገቡ በቆመው የውሃ ታንከር በኩል ያለው ቆርቆሮም ጠቁሯል። በምን እንደሚረጨው ስጠይቀው ጀርባውን አዞረልኝ። "አዎዌ፣ ለግመል የበቃ ለጣሪያ ያንሳል?" አለኝ። አዎዌ በሶማልኛ አያት ማለት ነው፤ የሚጠራኝ እንደዚያ ነው። እኔም "ጣሪያው መዥገር ካለው ይበቃል" አልኩት። ሳቀ፤ ነገር ግን አላወረደውም።

ከዚያ በኋላ በቁም ነገር ነገርኩት። የመዥገር መድኃኒት የገባበት ዕቃ ቢታጠብም ሽታው አይለቅም፤ ወደ ቢርካ ውሃ በሚያወርድ ጣሪያ ላይ ደግሞ የሽታው ጌታ፣ መርዙ ራሱ፣ አብሮ ይወርዳል አልኩት። በዚያ ላይ መርጫው ከታች ሆነው ቢረጩበት ጣሪያው ጫፍ እንኳ አይደርስም፤ የመርጫው ጫፍ ናስ ነው፤ ናስን በረኪና ይበላዋል። ኢሴ ይህን ሲሰማ ሱቁ ጥግ ወደቆመው በቤንዚን ወደሚሠራው የላቫጆ ሞተር ሄደ። ምን እንደወደደለት ስጠይቀው "ድምፁን። ሰፈሩ ሁሉ ኢሴ ሥራ ላይ ነው ይላል" አለ። "ድምፅ ከሆነ የፈለግከው ጥሩንባ ግዛ" አልኩት። የላቫጆ ሞተር መኪና እንጂ ያረጀ ቆርቆሮ አይችለውም። ጉልበቱ የምስማሩን ጎማ ይነቅላል፤ ውሃውን በቆርቆሮው መደራረቢያ አስገብቶ ኮርኒስ ላይ ያፈሰዋል። ጣሪያ የሚያጸዳው መድኃኒቱ ነው፤ የፓምፑ ሥራ መድኃኒቱን በዝግታ ማድረስ ብቻ ነው።

በዚህ ጊዜ ፅዮን በባትሪ የሚሠራውን ነጭ የፕላስቲክ ፓምፕ ከመደርደሪያ አወረደች። ረዥም ጎማና ረዥም ዘንግ አለው፤ ጫፉም ፕላስቲክ ነው። ኢሴ አይቶ "ይሄ የሕፃን መጫወቻ ነው" አለ። እኔም ክርክሩን በክርክር እንደማልጨርሰው ስላወቅሁ ውስጣቸው ግፊት የሚይዘውን የጎማ ቀለበት፣ ጎሚኒውን፣ ከአሮጌውም ከነጩም ፈትቼ በረኪና ባለበት ብርጭቆ ውስጥ ጣልኳቸውና ነገ ና አልኩት። ብርጭቆውን ፅዮን ልትጠጣበት ስትል ደርሼ ስለቀማኋት እስከ ዛሬ ተቀይማኛለች። አርብ ኢሴ ሲመጣ የአሮጌው ጎሚኒ አብጦ እንደታኘከ ማስቲካ ሆኗል። የነጩ ግን እንደገባ ወጥቷል። ኢሴ ማስቲካውን በጣቱ እየጎተተ ብዙ ካየ በኋላ ነጩን ፓምፕ ወሰደ።

አሮጌውን መርጫ ያስቀረሁት እኔ ነኝ። ሁለቱንም ይዞ ከሄደ የነጩ ባትሪ ባለቀ ጊዜ ወደ አሮጌው እንደሚመለስ አውቃለሁ፤ ሰው የለመደው ዕቃ እንደለመዳት ሚስት ነው። ስለዚህ እሱ ከፅዮን ጋር ሲነጋገር መርጫውን አግዳሚ ወንበሬ ሥር አስገብቼ ጆንያ ጣልኩበት፤ እግሬንም አሳረፍኩበት። ኢሴ ሊወጣ ሲል የት እንዳደረግኩት ጠየቀኝ። "ግመሎቹ ናፍቀውት ወደ ቱሊ ጉሌድ ተሳፍሮ ሄዷል" አልኩት። ወንድሙ እዚያ ስለሚኖር በመኪና የላክሁለት መስሎት "አመሰግናለሁ አዎዌ" ብሎኝ ወጣ። እኔም ሲመሰገን የማያፍር ሽማግሌ ስለሆንኩ ምስጋናውን ተቀበልኩ። ለመርማሪው የሰጠው መልስ ይኸው የእኔ መልስ ነው። ኢሴ የደበቀው ነገር የለም፤ የነገርኩትን አምኖ ነው የተናገረው። የአሮጌው መርጫ ጎሚኒም እንደማስቲካ ሆኖ ፅዮን ዘንድ ስላለ በዚህ መርጫ መርጨት የሚችል ሰው እንደሌለ መርማሪው ራሱ አሁን እጀታውን በመሞከር አረጋግጧል።

መጋቢት 9 ቀን ቅዳሜ ጠዋት ኢሴ ጣሪያውን ሲያጥብ ከአግዳሚ ወንበሬ ሆኜ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አይቻለሁ፤ ሳልጠየቅም ምክር ሰጥቻለሁ። የረጨው በነጩ ፓምፕ ነው። ከመርጨቱ በፊት ከአሸንዳው ወደ ቢርካው የሚወርደውን ቱቦ ነቅሎ አፉን ወደ በሩ ውጭ አዞረውና በሽቦ አሰረው። የቢርካውን ቀዳዳም በጨርቅ ደፈነ። ሲጨርስ በአህያ ጋሪ የመጣ ውሃ ጣሪያው ላይ አፈሰሰ፤ ነገር ግን በዚህ ከተማ ጣሪያን እስከ መጨረሻው በተገዛ ውሃ የሚያለቀልቅ ሰው የለም። የሚያለቀልቀው የመጀመሪያው ዝናብ ነው። ስለዚህ ከበረኪናውና ከርግቡ ኩስ አሸንዳው ውስጥ የተረፈ ነበር። ኢሴ ወ/ሮ ባቱሎን በሶማልኛ አክስቴ ብሎ ጠርቶ "ኤዶ፣ የመጀመሪያው ዝናብ ወደ መንገድ ይሂድ። ሁለተኛው ያንቺ ነው" ሲላት በጆሮዬ ሰምቻለሁ። እሷም "እሺ ልጄ" ብላለች።

በማግስቱ እሑድ ወደ አስር ሰዓት ገደማ ዝናብ መጣ። ከዚያ በፊት ያለፉት የድርቅ ዓመታት እንዴት እንደነበሩ መርማሪው በዚያን ጊዜ እዚህ ስላልነበረ ልነግረው ፈልጌ ነበር፤ ነገር ግን ወደ ጉዳዩ እንድገባ ስለተነገረኝ አጭር አድርጌዋለሁ። ሰማይ እያዩ አንገታቸው ተቀልብሶ የቀረ ሰዎች ነን። የመጀመሪያው ጠብታ ቆርቆሮ ሲመታ ሰፈሩ በሙሉ ወጣ፤ ጀሪካን ያለው ጀሪካን፣ ድስት ያለው ድስት ደገነ። ወ/ሮ ባቱሎም ሻሿን እየያዘች ወጣች። ከቱቦዋ የሚወጣው ውሃ በበሯ በኩል ወደ መንገዱ ሲፈስ አየችው። ትንሽ ቆመች። ከዚያ ሽቦውን ፈታች፣ ጨርቁን ነቀለች፣ ቱቦውንም ወደ ቢርካው መለሰችው።

እኔም ተነሥቼ "የመጀመሪያው ይሂድ" ብዬ ጮኼያለሁ። ዝናብ ቆርቆሮ ሲመታ የጮኸ ሰው ምን እንደሚሰማ የሚያውቅ ያውቀዋል። እጄን አወዛወዝኩላት። ለዝናቡ እንኳን ደስ አለሽ ያልኳት መስሏት እሷም አወዛወዘችልኝ። ዝናቡ ሲያባራ በሯ ድረስ ሄጄ ውሃውን ማንም እንዳይነካው፣ ፍየልም እንዳይቀምሰው ነገርኳት። ወ/ሮ ባቱሎ ፍየሎቿ ወደ አስፋልት ሲወጡ መልስልኝ ባለችኝ ቁጥር ዓይኔ አያይም እያልኩ የምቀልድባት ሰው ነኝ። ስለዚህ "ፍየል የማያይ ዓይን ውሃዬን አየ?" ብላ ሳቀችብኝና ገባች። እኔም የቀለድኩባትን ያህል ስለቀለደችብኝ ተካክለናል ብዬ ወደ ቤቴ ሄድኩ። በማግስቱ ጎህ ሲቀድ ወደ ሽንሌ ተሳፈርኩ። ፍየሎቹን ያጠጣቻቸው ሰኞ ረፋዱ ላይ መሆኑን ከፅዮን ነው የሰማሁት።

ወ/ሮ ባቱሎ ለፖሊስ ዋሽታለች ወይ ተብዬ ተጠይቄ አልዋሸችም ብያለሁ። ቱቦውን መመለሷን እንደ ሥራ አልቆጠረችውም። ዝናብ ሲመጣ ቱቦ መመለስ እዚህ አገር ፀሐይ ሲወጣ ዓይን እንደ መጨፈን ነው፤ ሰው አድርጌዋለሁ ብሎ አያስታውሰውም።

በኤግዚቢትነት የተያዘውን ነጩን ፓምፕ መርማሪው ባሳየኝ ጊዜ ክዳኑን ከፍተን ሁለታችንም አሽትተናል። የበረኪና ሽታ እንጂ የመዥገር መድኃኒት ሽታ የለውም። በተያዘ ጊዜ ሳይታጠብ በመቀመጡ በረኪናው ውስጡ እየደረቀ መሆኑን አይቼ በንጹህ ውሃ እንዲለቀለቅ አመልክቻለሁ። መርማሪው ኤግዚቢት አይነካም ብሎ ነበር፤ ሰውየው ሲፈታ በምን ይሠራል ስለው ግን የሽታውን ጉዳይ አስቀድሞ ከጻፈ በኋላ ሌላ የፖሊስ አባል ባለበት በጣቢያው ግቢ ውሃ እንድናሳልፍበት ፈቅዷል። የሚደርስበትን ርቀት ለማሳየትም ዘንጉን ወደ ላይ ቀና አድርጌያለሁ። በጣቢያው ጣሪያ ጠርዝ ላይ አሁን የሚታየው ነጭ ቦታ በዚህ ምክንያት የተፈጠረ ስለሆነ ሌላ ሰው እንዳይጠየቅበት።

ቃሌ ሲነበብልኝ ወ/ሮ ባቱሎ በኮሪደሩ ወንበር ላይ ተቀምጣ ስለነበር መርማሪው አስገብቶ ስለ ቱቦው የተባለውን ደግሞ አነበበላት። ሻሿን አስተካከለች። ከዚያ "እጄ ነው የመለሰው። ያን ሁሉ ጊዜ ሰማይን ስማጸን ኖሬ የመጀመሪያዋን ዝናብ መንገድ ላይ ልድፋት?" አለች። መርማሪው ምስክሩ በዕለቱ አስጠንቅቋት እንደሆነ ሲጠይቃት ወደ እኔ ዞረች። "ነግሮኛል። ግን ይሄ ሽማግሌ ሲቀልድም ፊቱ ይኸው ነው፣ እውነት ሲናገርም ይኸው ነው። በምን ልለየው?" አለች። በመቀጠልም አቤቱታዋን እንደምታነሳ፣ ዛሬ የረመዳን የመጀመሪያ ጾም ስለሆነ ልጁ በቤቱ እንዲያፈጥር፣ ነገ ደግሞ መጥቶ ቢርካዋን እንዲያጥብላት እንደምትፈልግ ተናግራለች። ይህም በእሷ ቃል ለብቻው እንዲጻፍ ተነግሯታል።

አሮጌው መርጫ ለኢሴ እንዳይመለስ፣ ከተመለሰም በእውነት ወደ ቱሊ ጉሌድ እንዲላክ እጠይቃለሁ።

ከላይ የሰፈረው ሁሉ ያየሁትና የሰማሁት ነው። ቀልዴን ከቃሌ ለይተው እንዲጽፉልኝ ጠይቄ መርማሪው መለየት አልቻልኩም ስላለኝ፣ ሁለቱም አንድ ላይ እውነት መሆናቸውን ተነቦልኝና ተረድቼ፣ ለወ/ሮ ባቱሎ ስል ፊቴን ቆምጨጭ አድርጌ በፊርማዬ አረጋግጣለሁ።

የምስክሩ ፊርማ፦ ገብረክርስቶስ ሽመክት
ቃሉን የተቀበለው መርማሪ ፊርማ፦ ም/ሳጅን መልአክ ደረጄ
(ምስክሩ ሲፈርሙ ፊታቸው እንዳልተለወጠ የግል ተበዳይዋ እንዲመዘገብ በመጠየቋ ተመዝግቧል)