ሆዴ ባባ፣ ጋሼ

በኛ ጊዜ መርዶ በስልክ አይነገርም፣ ለብቻም አይነገርም። ማለዳ ተሰብስበው ሄደው፣ ሐዘንተኛው ራሱን እንዳይጥል የሚይዘው ሰው ከግራ ከቀኝ አቁመው ነው የሚያረዱት። ታዲያ ያ ኮሮና ሲመጣ፣ እዚህ ደቡብ አፍሪካ፣ ጆበርግ፣ ሎክዳውን ነው፣ ከቤት አትውጡ ሲባል፣ ማን ከማን ይሰብሰብ? ሰብሰብ ብለህ ብትቆም ፖሊስ አለ።

እና ማርቆስ የሚባል የሆሳዕና ልጅ ነበር፣ ሜይፌር ሰፈር ከኔ ክፍል ቀጥሎ ያለችውን የተከራየ፣ ስፓዛ የሚሏት የሰፈር ሱቁ ራቅ ብላ ጀርሚስተን ናት። እናቱ አገር ቤት አረፈች። እህቱ ለኔ ደወለችና "ጋሼ፣ አደራዎን፣ ሰው መሰብሰብ ሲፈቀድ ይንገሩት" አለችኝ። እሺ አልኩ። ምን ልበል?

ታዲያ እሷ እንዳይጠረጥር ብላ የእናቱን የድሮ ድምፅ በዋትሳፕ ትልክለታለች። እሱ ደግሞ ይዞት ወደኔ ነው። ግድግዳዬን ደብደብ ያደርግና "ጋሼ፣ ይስሙማ፣ እማዬ ናት" ይለኛል። በሀዲይኛ ትመርቀዋለች፣ እሱ ይተረጉምልኛል፤ በልተሃል ወይ፣ ብርድ እንዳይመታህ፣ ጌታ ይጠብቅህ። ይስቃል፣ ዓይኑ ደግሞ እንባ ሞልቷል።

"ጋሼ፣ ይሄ በአማርኛ ምን ይባላል? ደስ ይለኛል፣ ደግሞ ያስለቅሰኛል።"

"ሆዴ ባባ ነው የሚባለው፣ ልጄ" አልኩት።

ወደዳት ቃሏን። ከዚያ ወዲያ ድምፅ በመጣ ቁጥር "ዛሬም ሆዴ ባባ፣ ጋሼ" ነው። እኔ ደግሞ የሞተች ሴት ምርቃት እየሰማሁ አሜን እላለሁ። ትሰማኛለህ? አሜን እላለሁ። ለሱ ሆዱ ባባ፤ የኔማ አረረ። ስንት ቀን ልንገረው ብዬ በሩ ድረስ ሄጄ ተመለስኩ። ብቻዬን ነኝ፣ ቢወድቅ ማን ይይዘዋል?

እና በሽታው ያዘው። አምቡላንስ ጠርተን ስንጠብቅ፣ እሱ አልጋው ላይ፣ እኔ በር ላይ፣ መቅረብ የለ። ትንፋሽ አጥሮት፣ ቃሉን እየቆራረጠ፣

"ጋሼ... ብሞት... ለእማዬ እንዳይነግሯት። አትችለውም" አለኝ።

"እሺ ልጄ፣ አልነግራትም" አልኩት።

በአራተኛው ቀን ሆስፒታል አረፈ።

ምን አልክ? ሳያዝን ሄደ፣ ደግ ሠሩ? ሁሉም እንዲህ ይለኛል። ተወኝ እባክህ። ሰው በሰው አገር ሆኖ እናቱን መቅበር ባይችል፣ ማልቀስ እንኳ አያጣም። ያቺኑ ለቅሶ የነሳሁት እኔ ነኝ።